የወንዝ ዳር መሬትና የፈቃድ ሥልጣን

የካርቱም ሠፈር የሆነው ጀሪፍ በጥቁር ዓባይ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይገኛል። በሱዳን ዐረብኛ «ጀርፍ» የሚባለው በክረምት ሙላት የሚሸፈንና ውሃው ሲሸሽ እህልና አትክልት የሚዘራበት የወንዝ ዳር መሬት ነው። እንግዲህ የስፍራው ስም ራሱ መሬቱ የወንዝና የሰው የጋራ ይዞታ መሆኑን ይመሰክራል።

ይህ ቃል ኪዳን ከተማዪቱ እየሰፋች በሄደች ቍጥር ተዘነጋ። ዳርቻው ለሸክላ ጡብ ተቈፈረ፤ እርሻውም ለመኖሪያ ቤት ተሸነሸነ። በምሥራቅ ጀሪፍ የሚኖሩ ባለርስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በመሬታቸው ምክንያት ለተቃውሞ አደባባይ ወጥተዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞችም በዚሁ ሠፈር ቤት ተከራይተው ሲኖሩ ቈይተዋል።

ነገሩ በጀሪፍ ብቻ አልተወሰነም። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት በሙቅራን አጠገብ በእንግሊዞች ዘመን የተከለለ የሱኑት ግራር ደን ነበረ። ጥቁር ዓባይ ሲሞላ ነጭ ዓባይን ስለሚያግደው፥ ደኑ በየዓመቱ የተመለሰውን ውሃ እየተቀበለ ለከተማዪቱ መተንፈሻ ይሆናት ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን በዚያ አካባቢ የንግድ ማዕከል፥ የመኖሪያ መንደርና የጎልፍ ሜዳ ለመሥራት ታላቅ ፕላን ወጣ። ሥራውን በያዘው በአልሱኑት ኩባንያ ውስጥ የካርቱም ክፍለ ሀገር መንግሥት ከዳል ድርጅት ጋር ባለአክሲዮን ነበረ። የችግሩም ሥር ከዚህ ላይ ነው። የመሬት ፈቃድ ሰጪው የትርፉ ተካፋይ ከሆነ፥ «ይህ ስፍራ ለቤት አይሆንም» ብሎ የሚከለክል ዳኛ ከቶ ከየት ይገኛል?

ወንዙ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። በ1946 እና በ1988 ዓ.ም. ካርቱም በጎርፍ ተጎድታለች። በ2020 ዓ.ም. ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ በመድረሱ፥ ልኬት ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ ከፍታ ሆነ፤ መንግሥትም በአገሩ ሁሉ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት በመስከረም 2025 ዓ.ም. መጨረሻ እንኳ በሱዳን የወንዝ ዳር መንደሮች ተጥለቅልቀዋል። ግድብ የውሃውን ጠባይ ይለውጥ ይሆናል እንጂ ዳርቻውን ኰረብታ አያደርገውም።

ጕዳዩ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የካርቱምን ሕዝብ በተነ፤ የሱኑት ደንም ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ዓ.ም. ከተማዪቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ነዋሪዎች እየተመለሱ ነው። የፈረሰውን ለመሥራት በሚደረገው ጥድፊያ ውስጥ የተራቈተውን ደን «ባዶ መሬት» ብሎ መሸንሸን ቀላል ይሆናል።

ስለዚህ ከግንባታው በፊት ሦስት ነገር ሊቀድም ይገባል። የ2020 ዓ.ም. ሙላት የደረሰበት ወሰን በምድር ላይ ተተክሎ ለሕዝብ ይታይ፤ ከወሰኑ በታች ያለውን መሬት የመፍቀድ ሥልጣን ከሽያጩ ለማይጠቀም አካል ይሰጥ፤ የነባሮቹ ባለርስቶችም ቃል ከውሳኔው በፊት ይሰማ። ይህ ሳይሆን የሚሰጥ የቤት ካርታ ለባለሥልጣኑ ገቢ፥ ለገዢው ግን የጎርፍ ዕዳ ነው።