ነጋዴው የሚያነበው ፕሮግራም

ኮምቦልቻ ሲነሳ ለገበያ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራውና በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በዚያው ከተማ የሚገኘውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የገበያ ጉዳይ አድርጎ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት የደሴ ነጋዴዎች ከዚያ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ዕቃ አለ፤ ኮምፓይለር።

ኮምፓይለር ሰው በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈን ትእዛዝ ኮምፒዩተር ወደሚፈጽመው ኮድ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን በኮርስ ይማሩታል። ከዚያ ወዲያ የሚፈልገው የለም።

እንበል፣ ደሴ ላይ እህል በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ ዱቤውን፣ የደላላ ኮሚሽኑንና የመጋዘን ኪራዩን የሚያሰላ ፕሮግራም ለአንድ ወጣት ከፍሎ አሠራ። ወጣቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ኮሚሽኑ ሲለወጥ ማን ያስተካክለው? ነጋዴው በገንዘቡ ያሠራውን ደንብ ማንበብ እንኳ አይችልም። ከውጭ የሚገዛውም ቢሆን አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ ክፍያው በዶላር ነው፤ የውጭ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

«ወሩ ጳጉሜን ከሆነ የመጋዘን ኪራይ አታስብ።» የሚልን መስመር የሚቀበል ትንሽ ቋንቋ ቢኖር ግን የሒሳብ ሠራተኛውም አንብቦ «ይህ ልክ አይደለም» ይላል።

ቅዠት ነው የሚል ካለ ወደ ብራዚል ይመልከት። ሉዋ የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1993 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው በችግር ነው። አገሪቱ እስከ 1992 ድረስ በውጭ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር ላይ ጥብቅ ገደብ ስለነበራት፣ ደንበኞች የሚሹትን ከውጭ ማሠራት አልቻሉም። የመጀመሪያ ተጠቃሚዎቹ የነዳጅ ኩባንያው የፔትሮብራስ መሐንዲሶች ነበሩ፤ ፕሮግራመሮች ስላልነበሩም ቋንቋው ትንሽና ቀላል መሆን ግድ ሆነበት። ዛሬ በዓለም ታዋቂ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ውስጥ ይሠራል።

በእኛ በኩል ፊደሉ እንቅፋት አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ከባዱ አጻጻፋችን ነው። አንዱ «ሒሳብ» ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ይጽፋል፤ ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት። (ጋዜጦቻችንም ሁለቱንም ያትማሉ።) ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ እኩል የማይቆጥር ኮምፓይለር ደሴ ገበያ ውስጥ አንድ ሳምንት አይሰነብትም። ይህን ደግሞ ከውጭ መጥቶ የሚሠራልን የለም።

ባለሀብቱን ማታለል አልሻም፤ ቋንቋ ሸጦ የከበረ ጥቂት ነው፣ ሉዋም የሚሰጠው በነፃ ነው። ገቢው ያለው በቋንቋው በሚጻፈው የነጋዴ ሥራና በየዓመቱ ጥገናው ላይ ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩን እንደ መንገድ፣ ፕሮግራሞቹን እንደ ጭነት ማየት ይሻላል። ለብቻ የሚከብድ ከሆነ በአንድ ዕቁብ የሚገናኙ አምስት ስድስት ነጋዴዎች ተዋጥተው ሁለት ምሩቃንን ለአንድ ዓመት መቅጠር ይችላሉ። ውሉ ላይ ግን አንድ አንቀጽ አይዘለል፤ የኮምፓይለሩ ምንጭ ኮድ ሙሉ ቅጂ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ፣ ከፋዮቹ እጅ ይግባ።