ድድ ሲላጥ

በዚህ ወር ከጥርስ ሕመም ጋር ስለሚምታታ አንድ የድድ ችግር እንወያያለን።

ለውዱእ ስንጉመጠመጥ ድዳችን ቢያቃጥል፣ መፋቂያችን ደም ቢነካው፣ ጥርሳችን ቆሽሾ ነው ብለን እናልፈዋለን። ብዙውን ጊዜም እንደዚያው ነው። ነገር ግን ድዱ ቀልቶ እንደ ስስ ልጣጭ የሚነሳ፣ ውሃ ቋጥሮ የሚፈነዳ፣ በርበሬ አላስቀምስ ብሎ ለሳምንታት የማይሽር ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከጀርም የሚጠብቀን የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካላችንን ሲያጠቃ የሚመጡ ፔምፊገስና ፔምፊጎይድ የሚባሉ በሽታዎች አሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም።

ፔምፊገስ ብዙ ጊዜ ከአፍ ጀምሮ ወደ ቆዳ ይዛመታል። እንደ ኮርቲዞን ያሉ መድኃኒቶች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት አብዛኞቹን ሕሙማን ይገድል ነበር። አፍን የሚያጠቃው ፔምፊጎይድ ደግሞ ዓይንን ከነካ ጠባሳ ጥሎ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። እንግዲህ ጥርስ በማስነቀልና አንቲባዮቲክ በመደጋገም የሚያልፈው ጊዜ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ሁለቱን በዓይን ብቻ አይቶ መለየት ያስቸግራል። ዋልተር ሌቨር የተባሉ ሐኪም በ1953 (እ.ኤ.አ.) ልዩነታቸውን በማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። በፔምፊገስ ሴሎቹ እርስ በርስ ይላቀቃሉ፤ በፔምፊጎይድ ግን የላይኛው ሽፋን ከነሥሩ ይነሳል።

ለምርመራው ሐኪሙ ድዱን አደንዝዞ ትንሽ ሥጋ ይወስዳል። ናሙናው ከቁስሉ መሐል ሳይሆን ከጎኑ፣ ሽፋኑ ካልተላጠበት ሥፍራ መሆን አለበት። አንዱ ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው አንቲቦዲዎችን በሚያበራ ቀለም የሚታይ ስለሆነ ፎርማሊን ሊነካው አይገባም፤ ያበላሸዋልና።

ይህን ማወቅ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ የበለጠ ይጠቅማል። ከደጀን የሚነሳ ሕመምተኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ የቆዳ ሐኪሞች ወዳሉበት አለርት ሊላክ ይችላል። ያን ያህል መንገድና ወጪ በተበላሸ ናሙና ከንቱ እንዳይቀር፣ ናሙናው ከየት እንደሚወሰድና በምን እንደሚቀመጥ አስቀድመን በትሕትና እንጠይቅ። ዓይን ከቀላ፣ ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ ወይም ቆዳ ላይ ቁስል ከወጣ ለሐኪሙ ሳንደብቅ እንንገር።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን።