አንቲቦዲውስ ሲቃ ነው ወይ?



በሐረር ካምፓስ የምንማር የጤና ተማሪዎች ብዙዎቻችን ቀኑን ላቦራቶሪ፣ ከመግሪብ በኋላ ያለውን ጊዜ ደግሞ ጀጎል ውስጥ ቂርአት ላይ እናሳልፋለን። ማታ የምንማረውን ጥንቃቄ ጠዋት ይዘነው አለመሄዳችን ነው ይህን ያስጻፈን።

ማታ አንድ ሐዲስ ሲነገረን መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን እንዳወራው ነው። ራዊው ሲቃ ነው? ከማን ሰማ? የሰማውን በትክክል ይይዛል? ሙሐዲሶች ሰውዬው ደግ ስለሆነ ብቻ አልተቀበሉትም፤ የሚምታታበት ከሆነ ደግነቱን መስክረውለት ወሬውን ግን ያቆዩታል። ጠዋት ላቦራቶሪ ስንገባ ግን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን ስም አንብበን እናምናለን።

ፒ-ግላይኮፕሮቲንን እንውሰድ። ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 በሐምስተር ሴሎች ላይ ያገኙት ፕሮቲን ነው። ኤቲፒ እያቃጠለ ወደ ሴሉ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል። በአንጀታችን፣ በጉበታችን፣ በኩላሊታችንና በአንጎል የደም ሥሮች ላይ ስላለ ከመርዝ ይጠብቀናል፤ አልሐምዱሊላህ። የካንሰር ሴል ሲያበዛው ግን ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲን፣ ፓክሊታክስል ገብተው ይወጣሉ፤ ሴሉ አይሞትም።

ይህን ፕሮቲን እኛ አናየውም፤ አየሁ የሚለን አንቲቦዲው ነው። እንግዲህ እሱም ራዊ ነው። (ወንድሞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁን ከአይጥ ስለመሠራቱ ነው። የዚያ መልስ ከሸይኾቻችን ዘንድ ይገኛል፤ የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ የሆነው ሲ219 ለብዙ ዓመታት ይህን ፕሮቲን ለመለየት የታመነ አንቲቦዲ ነበር። ቆይቶ የጡንቻ ማዮሲንንም እንደሚይዝ ተደረሰበት። በ1997 ደግሞ በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ሄር-2 የተባለውን ፕሮቲን እንደሚይዝ ታተመ። የአንዱ ክብደት 170፣ የሌላው 185 ኪሎዳልተን ነው፤ ጄል ላይ ተጎራብተው ይወርዳሉ። ሲ219 አልዋሸም፤ የሚመሳሰሉትን አምታታ እንጂ። ኸጢብ አል-ባግዳዲ ስማቸው አንድ ሆኖ ማንነታቸው የተለያየ ራዊዎችን ለመለየት ብቻ «አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ» የተባለ ኪታብ የጻፉት ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ፒ-ግላይኮፕሮቲን «መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላል» የሚል ምልክት ነው፤ ሄር-2 ግን ትራስቱዙማብ የሚባል የራሱ መድኃኒት አለው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ደግሞ የጡት ካንሰር ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለልምምድ ስንገባ ከሐረርጌ ገጠር የሚመጡ እናቶችን እናያለንና ነገሩ ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። እርግጥ የፒ-ግላይኮፕሮቲን ምርመራ እስካሁን ሕክምና ለመወሰን በመደበኛነት አይሠራበትም፤ ምርምር ላይ ነው ያለው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአንዱ ላቦራቶሪ ውጤት ከሌላው ጋር አለመግጠሙ ነበር። በ1996 የታተመው የባለሙያዎች ስምምነት፣ የተለያየ የፕሮቲኑን ክፍል የሚይዙ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንቲቦዲዎች እንዲሠራባቸው መክሯል። አንድ ወሬ በሁለት መንገድ ሲመጣ ይጠነክራል፤ ይህን ከሐዲስ ተማሪ በላይ ማን ያውቀዋል?

እኛም ንጹሕ አይደለንም። በአንድ የቡድን ሥራ ላይ ኔጌቲቭ ኮንትሮል ሳንሠራ ቡናማ ቀለም ስላየን ብቻ «ፖዘቲቭ» ብለን ጽፈናል። ማርኩም ጥሩ ነበር። የጠየቀን ሰው አልነበረም፤ እኛም እርስ በርስ አልተጠያየቅንም።

አንቲቦዲ ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ይበላሻል፤ ሁለተኛ ግዙ ማለት ለብዙዎቻችን ቀልድ ነው። ዋናውን አንቲቦዲ ሳይጨምሩ አንድ ስላይድ መሥራት ግን ብዙ አያስወጣም። የክሎኑን ስምና የሎት ቁጥሩን መጻፍማ በነጻ ነው። ኮንትሮሉ ካልተሠራም «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ኢማሙ ማሊክ ለስንቱ ጥያቄ «አላውቅም» እንዳሉ ሰምተናል።

ስለዚህ ዘንድሮ የመመረቂያ ጥናት የምትሠሩ እህትና ወንድሞች፣ ከመከላከያው ቀን በፊት ስላይዶቻችሁን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ። እኛም የእኛን እናመጣለን። መጀመሪያ የምንጠያየቀው ኮንትሮሉ የት አለ የሚለውን ይሆናል።