የአደራ ልጅ

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ቢያጐድል በዳኛ ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። በአደራ የተሰጠው ሕፃን ሲሆን፥ ይልቁንም የደረሰበትን በአንደበቱ ለመናገር የማይችል ሕፃን ሲሆን፥ የአደራው ክብደት ከገንዘብ ጋራ የሚነጻጸር አይደለም።

ከሕፃናት መካከል በኦቲዝም፥ በዳውን ሲንድረም፥ በሴሬብራል ፓልሲና ይህን በመሳሰለው ምክንያት እድገታቸው ከእኩዮቻቸው የሚለይ አሉ። እንደነዚህ ያሉት ወላጆቻቸው ሲሞቱ ወይም ድኽነት ሲያሸንፋቸው መጠጊያ ያጣሉ። ሌላውን ሕፃን ዘመድም ጎረቤትም ተሽቀዳድሞ ይወስደዋል፤ ይኸኛው ግን ወይ በጓዳ ተሸሽጎ ይኖራል፥ ወይም ወደ ማሳደጊያ ተልኮ ይረሳል።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ23ኛው አንቀጹ፥ የቅርብ ቤተሰብ ሊያሳድገው ያልቻለውን አካል ጉዳተኛ ሕፃን መንግሥት በሰፊው ዘመድ ዘንድ፥ ይህም ባይሆን በማኅበረሰቡ መካከል በቤተሰብ ኑሮ እንዲያድግ አጥብቆ እንዲጥር ያዛል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሕፃናትን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠትን ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ግዴታው ይበልጡን በአገር ቤት ላይ ወድቋል።

ለእንደዚህ ያለው ሕፃን ሐኪም ያለበት ማሳደጊያ ይሻለዋል የሚሉ አይጠፉም። በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በተጀመረው ጥናት ግን፥ በማሳደጊያ ይኖሩ ከነበሩት 136 ሕፃናት እኩሌቶቹ በዕጣ ተለይተው ደመወዝና ምክር ለሚሰጣቸው የአደራ ቤተሰቦች ተሰጡ። በቤተሰብ ያደጉት፥ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት፥ በአእምሮ ብስለትና ሰውን በመውደድ በልጠው ተገኙ። እርግጥ ከባድ የተፈጥሮ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት በዚህ ጥናት አልገቡም፤ ነገር ግን ማሳደጊያው ብርቱውን የሚያደክም ከሆነ፥ አስቀድሞ የደከመውን እንዴት እንደሚጎዳ መገመት አያስቸግርም።

ይሁን እንጂ ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሕፃን ቀና ብሎ ተደግፎ ካልተመገበ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሕፃን መድኃኒቱ በድንገት ቢቋረጥበት ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል። ኦቲዝም ያለበትን የቤቱ ሥርዐት ድንገት መለወጡ ሊያስጨንቀው ይችላል፤ መናገር ያልቻለውም ፍላጎቱን በምልክትና በሥዕል እንዲገልጽ የሚያስተምረው ያሻዋል። ይህን ሳትማር ልጁን የተቀበለች ሴት ልቧ ደግ ቢሆንም እጇ ሊሳሳት ይችላል።

በቤልጅግ አገር ጌል በምትባለው ከተማ ነዋሪዎቹ የቅድስት ዲምፍናን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የሚመጡትን የአእምሮ ሕሙማን በየቤታቸው ማስተናገድ ከጀመሩ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ዩኔስኮም ይህን ልማድ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ከመልካም አርአያዎች ጋራ መዝግቦታል። ከደግነታቸው ሌላ ልማዱ ጸንቶ እንዲቆይ የረዳው ቤተሰቡ ብቻውን አለመተዉ ነው፤ የሕክምና ሰዎች ይጎበኙታል፥ ለድካሙም አበል ይከፈለዋል።

ስለዚህ አደራ ሰጪው መንግሥት ልጁን አስረክቦ ፊቱን ሊያዞር አይገባውም። ቤተሰቡን አስቀድሞ መርምሮ መምረጥ፥ ማሠልጠን፥ አበሉን በጊዜው መክፈል፥ አሳዳጊዋ የምታርፍበትን ቀን ማዘጋጀት፥ ሳይነገርም ድንገት ሄዶ የልጁን ሁኔታ ማየት የሹሙ ሥራ ነው። ጉብኝቱ የተጻፈበት መዝገብ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የአሳዳጊዋ ብቻ ሳይሆን የሹሙም ነው።

የካህናቱ ድርሻም ቀላል አይደለም። በብዙ ቤት ልጁ የሚሸሸገው እንደ እርግማን እየተቈጠረ ነው። በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ግን ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው በራሱም በወላጆቹም ኃጢአት እንዳልታወረ ተገልጿል። ይህን የሚያውቅ የንስሐ አባት በየቤቱ ሲገባ የጓዳውን በር ሊያስከፍት፥ ከደጀ ሰላሙም ልጁን ተቀብሎ ለማሳደግ የሚበቃውን ቤተሰብ ሊያመለክት ይችላል።

ይህ ልጅ ስለ ራሱ አቤት ለማለት አይችልም። አቤቱታው ሳይሰማ ጉዳዩን መፈጸም የባለአደራዎች ሁሉ ግዴታ ነው።