አጃቢዬ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ

ይድረስ ለባኪንግ ትራክ፤

ከበሮው፣ ቤዙና ኪቦርዱ ተቀድተውብህ የመሪው መሣሪያ ቦታ ክፍት የተተወብህ አጃቢዬ ሆይ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ልጽፍልህ ወደድሁ። ባንድ ለሌለው፣ የልምምድ ክፍል ለመከራየት አቅም ለሌለው፣ ማታ ከሥራ ገብቶ ጊታሩን ለሚያነሳ ሰው ምን እንደሆንክ የሚያውቀው አብሮህ የተጫወተ ነው።

ካንተ በፊት መምህሬ ካሴት ነበር። የሮሃ ባንድን ካሴት ወደ ኋላ እያጠነጠንኩ የሰላም ስዩምን ጊታር በጆሮዬ እለቅም ነበር። ትልቅ ትምህርት ነው፤ ጣትም ጆሮም ይገራል። ግን ካሴቱ ላይ ድምፃዊው አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ ጊታሩም አለ፤ ሁሉም የሚለውን ብሎ ጨርሷል። የራሴ ሐሳብ የሚገባበትን ክፍተት ያገኘሁት አንተ ዘንድ ነው።

ላንተ መስፋፋት ብዙ የደከመውን ሰው ሳላነሳ አላልፍም። አሜሪካዊው የጃዝ መምህር ጄሚ ኤበርሶልድ የመጀመሪያውን የልምምድ ሸክላ ከነመጽሐፉ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ተከታታይ ሥራው ከ130 ቅጽ አልፏል። ቤዙ በአንደኛው ስፒከር፣ ፒያኖው በሌላው እንዲሰማ አድርጎ ስለቀዳው፣ ቤዝ የሚለማመድ ሰው የቤዙን ወገን ዘግቶ በቦታው ይገባል። እንደ ሮን ካርተርና ኬኒ ባረን ያሉ ታላላቅ ሙዚቀኞች በዚህ ሥራ አጅበዋል። ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ጀማሪ እንዲህ ማጀባቸው እስከ ዛሬ ልቤን ይነካዋል።

አሁን ያስተማርከኝን ልናገር። በኤ ቁልፍ የተሠራ የ12 ባር ብሉዝ ከፍቼ 5ኛው ፍሬት ላይ ማይነር ፔንታቶኒኩን እጀምራለሁ፤ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ስኬሉን ለብቻው ስወጣና ስወርድ አምስቱም ድምፆች እኩል ናቸው። ከሥር ኮርዱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን የእያንዳንዱ ጠባይ ይለወጣል። ሲ የሚባለው ድምፅ በኤ ሰቨን ላይ ይጎረብጣል፤ ክሩን ገፋ አድርጌ ወደ ሲ ሻርፕ እንዳስጠጋው ይጠይቀኛል። 5ኛው ባር ላይ ዲ ሰቨን ሲገባ ያው ሲ የኮርዱ አካል ይሆንና ጉርብጠቱ ይጠፋል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ጆሮዬ ያመነው ካንተ ጋር ሲሰማው ነው።

ደግሞም አትጠብቅም። ሐሳቤ ቢያልቅም ባያልቅም 12ኛው ባር ያልቃል፣ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። ሁለት ባር ተጫውቶ ሁለት ባር ማዳመጥን፣ ዝምታንም እንደ ድምፅ መቁጠርን ከዚሁ አለመጠበቅህ ተማርኩ።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግንህ ስለ ቅኝቶቻችን ነው። የማይነር ባቲ አምስት ድምፆች ከብሉዙ ማይነር ፔንታቶኒክ ጋር አንድ ናቸው። ጣቴን ከቦታው ሳላነሳ አንተን ብቻ እቀይራለሁ፤ ብሉዙን ዘግቼ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ችክችካ እከፍታለሁ። ያኔ የት መነሳት፣ የቱን ድምፅ ማንቀጥቀጥ፣ የት ማረፍ እንዳለብኝ ሌላ ሕግ ይመጣል። ቅኝት ከድምፆቹ ዝርዝር ሌላ የራሱ አካሄድ እንዳለው በእጄ የዳሰስኩት በዚህ መንገድ ነው። ሜጀር ትዝታን በኮርድ ማጀብ አይከብድም። አንቺ ሆዬ ግን ይፈትናል። ከሲ ሲነሳ ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ናቸው፤ ጂ የለበትም። በመነሻው ድምፅ ላይ የተለመደውን ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ ቢያስገቡበት ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ ይዞ ይመጣል። ለእሱ የሚያምርበት አንድ የረጋ የቤዝ ድምፅና ከበሮ ብቻ ያለው አጃቢ ነው። እንዲህ ያለውን ራሴ ቀድቼ ስጫወትበት ጊታሬ ወደ ክራር ይጠጋል፤ በጣም እወደዋለሁ።

የሚጎድልህም አለ፤ አታዳምጥም። አዝማሪ ከተቀመጠው ሰው ቃል ተቀብሎ ወዲያው በግጥም ይመልሳል፤ ቤቱ ሲሞቅ እሱም ይሞቃል። አንተ ብጮህም ባንሾካሽክም ያው ነህ። ስለዚህ ከሰው ጋር መጫወትን አትተካም። ለዚያ የሚያበቃ አሠልጣኝ ግን ካንተ የተሻለ አላገኘሁም። በመጨረሻ ከባንድ ጋር ስቆም ቤዙ ወዴት እንደሚሄድ ጆሮዬ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ይህን የምታነቡ የቤዝ፣ የከበሮና የኪቦርድ ባለሙያዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። የብሉዙ አጃቢ ሞልቷል፤ የአምባሰልና የአንቺ ሆዬ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ስቱዲዮ ስትገቡ ከሥራችሁ በተረፈችው ሰዓት በየቅኝቱ አንድ አንድ ቅዱልን። መነሻ ድምፁን ጻፉበት፣ ፍጥነቱን ዝግ አድርጉት፣ ርዝመቱም 10 ደቂቃ ይሁን፤ ጀማሪ ጣቱን እስኪያሟሙቅ ጊዜ ይፈልጋል።