ኳሷ ምን አጠፋች?

አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ ተቀምጦ ኳስ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ተከላካዩ ኳሷን ለበረኛው ይመልሳል፣ ኳሷ ጭቃው ላይ ዱብ ብላ ትቀራለች፣ አጥቂው ቀድሞ ያገባል። ወይም በበጋ በረኛው እደርስባታለሁ ብሎ ሲወጣ ደረቁ መሬት ላይ ነጥራ በአናቱ ታልፋለች። ስድቡ ለልጁ ነው። "ኧረ ይሄን ልጅ ቀይሩት!" አሰልጣኙም "የግል ስህተት ነው" ብሎ ይገላገላል። ሜዳውን የሚጠይቅ የለም።

የኳስ መንጠር ግን ሒሳብ አለው። ፊፋ ለትልልቅ ውድድሮች የሚፈቅዳት ኳስ ከ2 ሜትር ከፍታ ብረት ላይ ስትለቀቅ ከ135 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር መንጠር አለባት። ሁለት ሜትሩን መልሳ የምትደርስ ኳስ የለችም። ስትወድቅ ያገኘችው ጉልበት መሬት ስትነካ ይጨምቃታል፣ ውስጧ ያለው አየር እንደ ሞላ ይታመቅና መልሶ ይወረውራታል። ከጉልበቱ ሩብ ወይም ሲሶ ገደማ ግን ቆዳዋንና ጎማዋን አሙቆ፣ ጥቂቱም ድምፅ ሆኖ ይቀራል። ይሄ እንግዲህ ብረት ላይ ነው። በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ፊፋ ለከፍተኛው ደረጃ የሚቀበለው ከ60 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ጉልበት እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ጭቃማ መሬትማ የወሰደውን ጭራሽ አይመልስም።

የአየሩም ጉዳይ አለ። ሕጉ የኳስ ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይሁን ይላል። አየሯ የጎደለ ኳስ ቆዳዋ አብዝቶ ስለሚተጣጠፍ ጉልበቷን ታባክናለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የውጪው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ አትሞስፌር ያህል ይቀላል። ስለዚህ ዳሬሰላም ላይ በ0.9 የተነፋች ኳስ፣ ሙቀቱ እኩል ነው ቢባል፣ እዚህ ስትደርስ መለኪያው ከ1.1 በላይ ያሳያል። ከሕግ ወጣች! እዚህ በ0.8 ተነፍታ ወደዚያ የወረደችው ደግሞ ከ0.6 በታች ትሆናለች። በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጎ "ደህና ናት" ማለት የሰፈር ጨዋታ ልማድ ነው፣ ለሊግ አይሆንም። (እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም ዋንጫ ጃቡላኒን ያስወቀሰው ሌላ ነው፤ የእሷ ጣጣ አየር ላይ ነበር።)

ኳሷ በፓምፕና በመለኪያ ትስተካከላለች። ሜዳው ነው ከባዱ። በሰኔ 2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ባለሜዳ የተባሉት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በካፍ የጸደቀ ስታዲየም አገር ውስጥ አልነበረምና ያን ድል ደጋፊው በቴሌቪዥን አየው። ስታዲየም መገንባት ሚሊዮኖች ይጠይቃል፣ እሺ። ሁለት ሜትር እንጨት ግን ስንት ነው? የውድድር ዓመቱ ሳይጀመር አንድ ሰው በደንብ የተነፋች ኳስ ይዞ መሃል ሜዳው ላይ፣ ሁለቱ ጎሎች ፊት፣ መስመሮቹ ዳር ቢለቅና የነጠረችውን ቢጽፍ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። አንዱ ጎል ፊት 90፣ ሌላው ፊት 40 ከሆነ ክለቦቹም ደጋፊውም ይወቁት። ያኔ በረኛው ሲሳሳት ቢሰደብም በጥፋቱ ልክ ይሆናል።