ከ7ኛ ክፍል በፊት ትምህርት ቤት እንቀይርላት?



ባለፈው ክረምት በቤታችን የሚወራው አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ሁለተኛዋ ልጃችን የ6ኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋለች። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ ስሙ ወደተጠራ የግል ትምህርት ቤት እንድትዛወር ፈለግሁ። ባለቤቴ ደግሞ ባለችበት የመንግሥት ትምህርት ቤት እንድትቀጥል ፈለገች። ክርክሩ ሲረዝምብኝ፣ “ጸልዬበታለሁ፤ ጌታ ሰላም ሰጥቶኛል” አልኋት። እሷም ዝም አለች።

ያ ዝምታ ስምምነት እንዳልነበረ የገባኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ቀና ሳትል፣ “እኔም እኮ ጸልያለሁ። ለአንተ የሰጠህን ሰላም ለእኔ አልሰጠኝም” አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን የእግዚአብሔርን ስም የትዳር ጓደኛችንን አፍ ለማስያዝ የተጠቀምንበት? ምሪት መጠየቅ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ የሁለታችን ከሆነ ምሪቱንም ሁለታችን ሆነን ልንጠብቀው ይገባል።

ጥያቄው ለምን አሁን በዛ?

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ፖሊሲ ግን አንደኛ ደረጃ በ6ኛ ክፍል ያበቃል። 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ቆመዋል፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ዕድሜያችን የገፋ ወላጆች የተማርንበት አደረጃጀት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ የ6ኛ ክፍል ማብቂያ ለብዙ ቤተሰብ የመወሰኛ ጊዜ ሆኗል።

ፍርሃታችንን ያባባሰው ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደርሰው ነበር። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ 12ኛ ክፍል ላይ የታየው ድክመት 12ኛ ክፍል ላይ የተወለደ አይደለም። በታችኛው ክፍል አንብቦ ሳይረዳ ያለፈ ልጅ ችግሩን ይዞት ይሄዳል። ዩኒፎርም ስለቀየረ ብቻ አይለቀውም።

ከታላቁ ልጃችን የተማርነው

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ልጃችንን ልክ በ7ኛ ክፍል ወደ ግል ትምህርት ቤት አዛውረነው ነበር። ምክንያታችን ምን ነበር ብትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ስላዛወሩ ነው። ልጁ እስከዚያ ሒሳብና ሳይንስ የተማረው በአማርኛ ነበር፤ አዲሶቹ የክፍል ጓደኞቹ ግን ከታች ጀምረው በእንግሊዝኛ ተምረዋል። 4ኛ ይወጣ የነበረው ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ 31ኛ ወጣ። ካርዱን ለሁለት ሳምንት ከፍራሹ ሥር ደበቀው።

ክፍያውን ለመሸፈን እኔ ማታና ቅዳሜ ተጨማሪ ሥራ ያዝኩ። ባለቤቴ ለሆቴል እንጀራ መጋገር ጀመረች። አንድ ምሽት ትምህርት ቤቱን ስወቅስ ልጁ አቋረጠኝ፤ “አባዬ፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው። ማታ የማልገባኝን የምጠይቀው ሰው ነው የሌለኝ” አለኝ። የተሻለ ትምህርት ገዛሁለት ብዬ አባቱን ሸጬበት ነበር። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ከሐና ቤት ሦስት ትምህርቶች

በመጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ንና 2ን አብረን አነበብን። ሐና ልጇን ከቤት አውጥታ ወደ ሴሎ ያደረሰች እናት ናት። ሦስት ነገር አየን።

አንደኛ፣ ጊዜውን ጠበቀች። ሕፃኑ ጡት ሳይተው አልሄደም፤ ሕልቃናም ሐሳቧን ሰምቶ ተስማማ (1፥23)። ውሳኔው በባልና በሚስት መካከል ተመካክሮ የተወሰነ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከሰጠችው በኋላ አልተወችውም። በየዓመቱ ለቁመቱ የሚሆን ልብስ እየሠራች ትወስድለት ነበር (2፥19)። የልጇን ቁመት የምታውቅ እናት ነበረች።

ሦስተኛ፣ ሴሎ ስሟ የከበረ ቦታ ብትሆንም የዔሊ ልጆች በዚያው ይባልጉ ነበር (2፥12-17)። የቦታ ስም ብቻውን ልጅን አያሳድግም።

ከጎረቤላ የመጣው ስልክ

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ ታናሽ እህት ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ደወለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ታውቃላችሁ። የእሷም ልጅ ትምህርቷ ደጋግሞ ተቋርጦባት ነበር። “ጋሼ፣ ልጄ ዕድሜዋ እየሄደ ነው። እባካችሁ እናንተ ጋ ትማር” አለችኝ።

እዚህ ላይ እኔና ባለቤቴ ለመስማማት አንድ ቀን አልፈጀብንም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ልጅቷ የሚያስተምራት ሰው አጥታለች። ሆኖም አንድ ነገር ተነጋገርን። ከገጠር ዘመድ ቤት ለትምህርት መጥታ ውኃ ቀጂና ሕፃን ጠባቂ ሆና የቀረች ልጅ በየሰፈራችን አለች። አማኞች ነን በምንል ሰዎች ቤትም ጭምር። ስለዚህ ልጃችን የሠራችውን ያህል ብቻ እንድትሠራ፣ በእኩል ሰዓት እንድታጠና፣ በየእሑዱ ከእናቷ ጋር በስልክ እንድትነጋገር ወሰንን። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ለአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሩቅ አገር ናት። እናቷ ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን ጋቢ ልካላታለች። ባለቤቴ ጋቢውን ስታይ ሐናን አስታወሰች፤ እንባዋም መጣ።

ልጁንስ ጠይቀነዋል?

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1947፣ ገና በ15 ዓመታቸው፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። እዚያ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ስጦታቸውን አስተዋሉና አበረታቷቸው፤ እሳቸውም ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ዛሬ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የምናየው ትልቁ የመስታወት ሥዕል የዚያ ለውጥ ፍሬ ነው። ትምህርት ቤት መቀየር በረከት የሚሆነው እንዲህ በልጁ ውስጥ ያለውን አይቶ ሲሆን ነው።

እኛም ልጃችንን ጠየቅናት። እንግሊዝኛ ንባብ እንደሚከብዳትና መጠየቅ እንደምታፍር ነገረችን። ስድስት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ይህን አላወቅንም ነበር!

ከመወሰናችሁ በፊት

1. ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። “ሰው ሁሉ እየቀየረ ነው” የሚለው ችግር አይደለም።
2. ልጁ አንድ ገጽ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። ከዚያ ያነበበውን ይንገራችሁ።
3. የክፍል ኃላፊ መምህሩን ሄዳችሁ አነጋግሩ። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የምንሄደው መሸኛ ለመጠየቅ ብቻ ነው።
4. ወጪውን ቁጠሩ (ሉቃስ 14፥28)። ከወርኃዊ ክፍያው በተጨማሪ የመመዝገቢያ፣ የዩኒፎርምና የባጃጅ ወጪ አለ። ከሁሉም በላይ ከቤታችሁ የሚቀነሰውን ሰዓት ቁጠሩ።
5. መቀየር ካለበት በሰኔ ካርዱንና መሸኛውን ይዞ፣ ክረምቱን ተዘጋጅቶ ይቀየር። ልጁ የሚደበደብ፣ ልጅቷ የምትተነኮስ ወይም መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ሰኔን አትጠብቁ።

የእኛ ውሳኔ

ልጃችን በነበረችበት ቀጠለች፤ የጎረቤላዋም ልጅ እዚያው ተመዘገበች። ለክፍያ ያሰብነውን ተጨማሪ ሥራ ተውነው። ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ቴሌቪዥን ይዘጋል፤ ባለቤቴ ከሁለቱ ጋር እንግሊዝኛ ታነባለች፤ እኔ ሒሳብ እይዛለሁ። ውጤታቸው በአንድ ጊዜ ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጃችን 14ኛ ነበረች፤ አሁን 11ኛ ናት። ካርዷን ግን ራሷ አምጥታ ሰጠችን፤ ከፍራሽ ሥር አልፈለግነውም።

ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ትክክለኛው መልስ መቀየር ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤላዋ ልጅ ምስክር ናት። የተቀየረም ያልተቀየረም ልጅ ግን ማታ የሚጠይቀው አባትና እናት ያስፈልገዋል።

ለባልና ሚስት ውይይት፦ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። “እኔ ወስኜ አንተን (አንቺን) ዝም ያሰኘሁበት ጉዳይ አለ?” መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ፤ ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።